የበጋው ተቅማጥ፦ የሰገራ ምርመራ የማያሳየው የሕፃናት በሽታ

ተቅማጥ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ክረምትን ነው፤ ጎርፍ፣ የደፈረሰ ውሃ፣ የሐምሌና የነሐሴ ዝንብ። የጤና ማስጠንቀቂያውም የውሃ ማከሚያ እደላውም በዚያው ሰሞን ይበረታል። ዝናቡ ካባራ፣ መስኩ ከደረቀና ሌሊቱ መቀዝቀዝ ከጀመረ በኋላ ግን ሌላ ዓይነት ሕመም ይመጣል። ታማሚዎቹ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። በትውከትና በትኩሳት ይጀምራቸዋል፣ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ውሃ መሰል ተቅማጥ ይዞራል፣ ደም የለውም። እናት «ብርድ መትቶት ነው» ትላለች፣ አያት «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ይላሉ። የጎረቤት ልጅም በሁለት በሦስት ቀን ልዩነት ያንኑ ይታመማል።

ይህ ከክረምቱ የተረፈ ተቅማጥ አይደለም። በዝናብ ወራት የሚበረቱት እንደ ሺጌላ፣ ኢ. ኮላይና ኮሌራ ያሉ ባክቴሪያዎችና ልዩ ልዩ ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅና ብርዳማ ወቅት ሕፃናትን የሚጥለው ግን በዋናነት ቫይረስ ነው፤ ከቫይረሶቹም ግንባር ቀደሙ ሮታ ነው። ችግሩ ልማዳችን፣ ላቦራቶሪያችንና የመድኃኒት መደርደሪያችን የተቃኙት ለክረምቱ በሽታ መሆኑ ነው። በበጋ የታመመ ሕፃን የክረምቱን መድኃኒት ይውጣል፣ የሚያስፈልገውን ፈሳሽ ግን ሳያገኝ ይውላል።

ሮታና ሌሎቹ

ሮታ ቫይረስን እ.ኤ.አ. በ1973 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቻቸው በተቅማጥ ከታመሙ ሕፃናት አንጀት በተወሰደ ናሙና ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩት። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ክትባት ከመምጣቱ በፊት አምስት ዓመት ሳይሞላው በሮታ ያልተያዘ ልጅ በዓለም ላይ የለም ማለት ይቻል ነበር። የቧንቧ ውሃና ንጹሕ መጸዳጃ ያላቸው አገሮችም አላመለጡም። ድሃውና ሀብታሙ አገር የሚለያዩት በሚያዘው ልጅ ብዛት ሳይሆን በሚሞተው ልጅ ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በሮታ የሞቱ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት 453 ሺህ ያህል እንደነበሩ ተገምቷል። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአምስት አገር ልጆች ነበሩ፦ የሕንድ፣ የናይጄሪያ፣ የፓኪስታን፣ የዴሞክራቲክ ኮንጎና የኢትዮጵያ።

ቫይረሱ ከገባ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ምልክቱ ይታያል። ትውከቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይቀንሳል፤ ተቅማጡ ግን ከሦስት እስከ ስምንት ቀን ሊቆይ ይችላል። ክፉው የመጀመሪያው መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የሜክሲኮ ጥናት ሕፃናትን ከልደት ጀምሮ ሲከታተል፣ ሁለት ጊዜ በሮታ ከተያዙት መካከል አንዱም ከዚያ በኋላ በመካከለኛ ወይም በከባድ የሮታ ተቅማጥ አልታመመም። ሰውነት ቫይረሱን ጨርሶ አይከለክለውም፤ ግን ይለምደዋል። ወደ ክትባቱ ስንመጣ ይህ ግኝት ያስፈልገናል።

ኖሮ ቫይረስ ሁለተኛው ነው፤ ባሕርዩም ሌላ ነው። ከ12 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ድንገት ይጀምራል፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ያሠቃያል፣ ይተዋል። ዕድሜ አይመርጥም። ሕፃኑን፣ ታላቅ እህቱን፣ እናቱንና የቤት ሠራተኛዋን በሁለት ቀን ውስጥ ተከታትሎ ያስመለሳቸው ሕመም ኖሮ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሕፃኑ ብቻ ከባድ ታሞ አዋቂው ደህና ከሆነ ሮታን መጠርጠር ይቀላል። እርግጥ ይህ ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም። ኖሮን የሚከላከል ክትባት እስካሁን በገበያ ላይ የለም፤ አንዴ መታመምም ለዘለቄታው አያድንም፣ ዝርያው ብዙ ነውና።

አድኖ ቫይረስ 40 እና 41 ወቅት ሳይለዩ ዓመቱን ሙሉ ይዘዋወራሉ። ምልክታቸው እስኪታይ ስምንት ወይም አሥር ቀን ይፈጃል፣ ተቅማጡም አንዳንዴ ከሳምንት በላይ ይጎተታል። አስትሮና ሳፖ ቫይረሶች ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላሉ። ለወላጅ የእነዚህ ሁሉ ሕክምና አንድ ስለሆነ ስማቸውን ማወቅ ግድ አይደለም፤ ለጤና ዕቅድ አውጪ ግን ግድ ነው።

ለምን በብርድ ወራት?

ብርድ በራሱ ተቅማጥ አያመጣም። «ብርድ መታው» የሚሉ እናቶች ግን ወቅቱን በትክክል አይተዋል። በሐሩር አገሮች ሮታ ዓመቱን ሙሉ ቢኖርም የሚበረታው በቀዝቃዛውና በደረቁ ወቅት መሆኑ በብዙ ቦታ ተደጋግሞ ታይቷል። አንደኛው ምክንያት የቫይረሱ ጽናት ነው። አየሩ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ ሮታ በበር እጀታ፣ በመጫወቻ፣ በልብስና በወለል ላይ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት መቆየት ይችላል። የደረቀ ዓይነ ምድር ከአቧራ ጋር ሊነሣ እንደሚችልም ይገመታል።

ሁለተኛው ምክንያት ከአየር ጠባይ ጋር አይገናኝም፤ ያልተያዙ ሕፃናት መጠራቀም ነው። ወረርሽኙ የሚቀጣጠለው ሰውነታቸው ሮታን የማያውቅ በርካታ ሕፃናት በአንድ አካባቢ ሲገኙ ነው። ለዚህ አሜሪካ ጥሩ ማሳያ ናት። ከክትባቱ በፊት የሮታ ወቅት በየዓመቱ ከደቡብ ምዕራብ ግዛቶች ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዘልቅ ነበር። ተመራማሪዎች ይህን ለብዙ ጊዜ ለአየር ጠባይ ሲሰጡት ቆይተው፣ በየግዛቱ ካለው የወሊድ መጠን ልዩነት ጋር እንደሚገጥም አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2006 ክትባቱ ሲጀመር ዓመታዊው ወረርሽኝ ወደ ሁለት ዓመት አንዴ ተለወጠ። የብርድ ወራታቸው እንደ ድሮው ነው፤ የተለወጠው የተጋላጮቹ ቁጥር ነው። ብዙ ልጅ በሚወለድባት ኢትዮጵያ ደግሞ ተጋላጩ በየወሩ ስለሚተካ ቫይረሱ ከወቅቱ ውጭም ጨርሶ አይጠፋም። ሕፃናቱ የሚያዙበትም ዕድሜ ዝቅ ይላል። ከባዱ ሕመም የሚበዛው ከ6 እስከ 11 ወር ባለው ዕድሜ፣ ሰውነታቸው ትንሽ ፈሳሽ እንኳ ማጣት በማይችልበት ጊዜ ነው።

ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርጎ የማቃጠል ልማዳችን ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ፣ ማለትም ከኢንፍሉዌንዛው ወረርሽኝ ጋር የተያያዘ ነው። ጭሱ ለሮታ ምኑም አይደለም። ቀኑ ግን ለእጅ መታጠብና ለክትባት ካርድ ማጣሪያ ዘመቻ ከዚህ የተሻለ ሊመረጥ አይችልም፤ ሮታ የሚበረታበት ወቅት መካከል ላይ ነው የሚውለው።

ላቦራቶሪው የማያየው

አሜባና ጃርዲያ በየቤቱ የታወቁ ስሞች ናቸው። ሮታን ግን ከጤና ባለሙያ ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ አሜባን ያሳያል፣ ሮታን አያሳይም። ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ያነሰ ነገር መለየት አይችልም፤ ሮታ ደግሞ ከ70 እስከ 100 ናኖሜትር ያህል ነው። እሱን ለማግኘት ኤላይዛ፣ ፈጣን መመርመሪያ ወይም ፒሲአር ያስፈልጋል። እነዚህ በብዛት የሚሠሩት በቅኝት ሆስፒታሎች፣ ማለትም የበሽታውን ሥርጭት ለመከታተል በተመረጡት፣ እና በምርምር ተቋማት ነው።

ውጤቱን እንመልከት። የዘጠኝ ወር ሕፃን በታኅሣሥ ውሃ መሰል ተቅማጥ ይዞት ይመጣል። የሰገራ ምርመራው «ምንም አልታየም» ይላል። ወላጅ ገንዘብ ከፍሎ፣ ተሰልፎ ባዶ እጁን መመለስ አይፈልግም፤ ባለሙያውም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ሜትሮኒዳዞል ወይም ኮትሪሞክሳዞል ይታዘዛል። ተቅማጡ በአምስተኛው ቀን በራሱ ጊዜ ሲቆም ምስጋናው ለሽሮፑ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ያው ሽሮፕ ያለ ማዘዣ ይገዛል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስን አይገድልም። አንዳንዱ ራሱ ተቅማጥ ያባብሳል፣ ሁሉም መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችን ያበዛል። በሰባት የአፍሪካና የእስያ አገሮች ከ8 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያካተተ ሰፊ ሙከራ፣ ውሃ መሰል ተቅማጥ ላለባቸውና ፈሳሽ ለተሟጠጠባቸው ወይም ለተጎዱ ልጆች አዚትሮማይሲን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መጨመር ሞትን እንደማይቀንስ አሳይቷል።

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዓይነ ምድሩ ላይ ደም ከታየ፣ በአካባቢው ኮሌራ ካለና ልጁ በጣም ከደከመ፣ ወይም ከተቅማጡ ጋር እንደ ሳንባ ምች ያለ ሌላ ሕመም ካለ ባለሙያ ያዝዘዋል። እንደ ሎፐራማይድ ያለ ተቅማጥ ማቆሚያ ግን ለሕፃን በፍጹም አይሰጥም፤ አንጀትን ያስተኛል፣ ፈሳሹን ውስጥ ያጠራቅማል፣ ለሕይወት አደገኛ ነው። የወተት ጥርስ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥም ከዚሁ ይመደባሉ። ጥርስ የሚበቅልበትና ሮታ የሚበረታበት ዕድሜ አንድ በመሆኑ ብቻ ጥርሱ ተወንጅሏል፤ ያልበሰለ ድድ የተቆፈረበት ልጅ ደግሞ በተቅማጡ ላይ መድማትና መመረዝ ይጨመርበታል።

ፈሳሹ ለምን ይሠራል፣ ለምንስ ይከሽፋል?

ሮታ የሚያጠቃው የትንሹን አንጀት የውስጥ ግድግዳ የሸፈኑትን ጥቃቅን ጣት መሰል ቅርጾች ጫፍ ነው። ምግብና ውሃ ወደ ሰውነት የሚያስገቡትን ሴሎች ያፈርሳል። ከእነሱ ጋር የወተት ስኳርን የሚፈጨው ኢንዛይም ለጥቂት ቀናት ይቀንሳል። ቫይረሱ በተጨማሪ ኤንኤስፒ4 የተባለ ፕሮቲን ያመነጫል፤ ይህም እንደ መርዝ ሆኖ አንጀቱ ውሃና ጨው እንዲያፈስ ያደርጋል። ሁሉም ነገር ግን አይበላሽም። ስኳርና ጨውን አጣምሮ ወደ ሰውነት የሚያስገባው በር፣ ባልተጎዱት ሴሎች ላይ፣ መሥራቱን ይቀጥላል። ውሃ ከሁለቱ ጋር ተከትሎ ይገባል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦአርኤስ የሚባለው ዱቄት ጠቅላላ ጥበቡ ይኸው ነው።

በዚህ ምክንያት መጠኑ ወሳኝ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ቅመም በአንድ ሊትር ውስጥ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት አለው። በተበጠበጠው ፈሳሽ ውስጥ ስኳሩና ከጨዎቹ የሚገኘው ሶዲየም፣ በክብደት ሳይሆን በቅንጣት ብዛት ሲለኩ፣ እኩል 75 ሚሊሞል ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይገባምና። ጣፋጭ ለስላሳ መጠጥ፣ የታሸገ ጁስ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ሲሰጥ የሚሆነው ተቃራኒው ነው፦ ያልገባው ስኳር ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፣ ተቅማጡ ይጨምራል።

የተለመዱት ስሕተቶች አራት ናቸው፤ ሁሉም ከቤት ዕቃ ጋር የተያያዙ ናቸው። የመጀመሪያው አንድ ሊትር የሚፈልገውን ከረጢት በብርጭቆ ወይም በግማሽ ሊትር ሃይላንድ መበጥበጥ ነው። እንዲህ የጠነከረ ፈሳሽ በደም ውስጥ ያለውን ጨው ከፍ ያደርጋል፣ ልጁን ያስጠማል፣ ያነጫንጫል፣ ሲከፋ ያንዘፈዝፋል። ሁለተኛው ባለ ሁለት ሊትር ጠርሙስ ሞልቶ ማቅጠን ነው፤ ያኔ ውሃው ይገባል፣ ጨው አይተካም። ሦስተኛው ከረጢቱን ከፍሎ «ለነገ» ማስቀመጥ ነው፤ ዱቄቱ በእኩል ስለማይከፋፈል ግማሹ ጨው፣ ግማሹ ስኳር ሊሆን ይችላል። አራተኛው ከበጠበጡ በኋላ ማፍላት ነው። ውሃው አስቀድሞ ይፈላና ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ሙሉው ከረጢት በአንድ ሊትር ይበጠበጣል፣ ይከደናል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ከረጢቶች መጠናቸው ሊለያይ ስለሚችል ከመበጥበጥ በፊት ጽሑፉን ማየት ያስፈልጋል። ከረጢቱ በሌለበት ሌሊት፣ ጤና ኬላ እስኪደረስ ድረስ፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው ሊያገለግል ይችላል። ጨውን በእጅ ዘግኖ መገመት ግን አደገኛ ነው።

አሰጣጡም እንደ አበጣበጡ ነው። ዓይኑ ያልጎደጎደ፣ ንቁ የሆነ ልጅ ሁለት ዓመት ካልሞላው ተቅማጥ በወጣው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ በግምት አንድ የቡና ስኒ ይጠጣል፤ ከሁለት ዓመት በላይ የሆነው ከ100 እስከ 200። ዓይኑ የጎደጎደ፣ የሚነጫነጭ፣ ውሃ ሲያይ የሚስገበገብ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ በአራት ሰዓት ውስጥ በየኪሎው 75 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። ለሰባት ኪሎ ሕፃን ይህ 525 ሚሊ ሊትር ነው፤ በሰዓት 130 ገደማ ማለት ነው። ሲያዩት የማይቻል ይመስላል። ግን አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ በየሁለት ደቂቃው ቢሰጥ በሰዓት 150 ይደርሳል። ከሸፈ የሚባለው አብዛኛው ኦአርኤስ የከሸፈው እዚህ ላይ ነው፦ በጡጦ ወይም በኩባያ ባንዴ ይሰጣል፣ የተቆጣ ሆድ ይመልሰዋል፣ «አልተስማማውም» ይባላል። ካስመለሰ አሥር ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ እንደገና መጀመር ነው።

በየክሊኒኩ «ግሉኮስ ይሰካለት» የሚል ጥያቄ ይደጋገማል። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ መጠጣት ለማይችል፣ ራሱን ለሳተ ወይም በብርቱ ለተሟጠጠበት ልጅ ነው፤ ለእሱ ሕይወት ነው። መጠጣት ለሚችል ልጅ ግን ከማንኪያው አይበልጥም። ስኳር ብቻ ያለው ግሉኮስ ደግሞ የጠፋውን ጨው ስለማይተካ ለዚህ ሕመም ትክክለኛው ፈሳሽ አይደለም፤ ሕክምናው ጨው ባላቸው ፈሳሾች፣ በሪንገር ላክቴት ወይም በኖርማል ሳላይን ነው።

ዚንክ ተረስቶ የሚቀር የሕክምናው ግማሽ ነው። በጤና ተቋሞቻችን ሲሰጥ የኖረው ከ2 እስከ 6 ወር ላለ ሕፃን ግማሽ ፍሬ፣ ማለትም 10 ሚሊ ግራም፣ ከ6 ወር በላይ ለሆነው አንድ ፍሬ፣ ማለትም 20 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ ለ10 ቀን ነው። ፍሬው በማንኪያ ውስጥ በጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ይሟሟል። ተቅማጡ በአራተኛው ቀን ሲቆም እናቶች ያቋርጡታል፤ የቀሩት ቀናት ግን የተጎዳውን አንጀት መጠገኛና ለሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ወራት መከላከያ ናቸው።

ጡት አይቋረጥም። ስድስት ወር ያለፈው ልጅ አጥሚቱን፣ ገንፎውን፣ ፍትፍቱን በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ። «አንጀቱ ይረፍ» ተብሎ ምግብ የተከለከለ ልጅ ከተቅማጡ በኋላ ክብደቱን ለመመለስ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ የተራበ አንጀትም ቶሎ አይሽርም።

ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ ሁሉንም ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ካልነቃ፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ከሁለት ሴኮንድ በላይ ሳይመለስ ከቆየ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ስድስት ሰዓት ያህል ሽንት ካላየ ወይም ደም ከታየ ማንኪያው እየቀጠለ መንገድ መጀመር ነው። እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም።

ክትባቱ፦ ምን ያህል፣ ለማን፣ መቼ

ኢትዮጵያ የሮታ ክትባትን በመደበኛው መርሐ ግብር ያስገባችው በ2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2013) ነው። የመጀመሪያው በተለምዶ «የ45 ቀን» በሚባለው ቀጠሮ፣ በ6 ሳምንት፣ ሁለተኛው በ10 ሳምንት ይሰጣል። ሁለቱም ከፖሊዮ ጠብታ ጋር በአንድ ቀን በአፍ ስለሚሰጡ ብዙ እናቶች ይምታታባቸዋል። ፖሊዮው ሁለት ጠብታ ነው፤ አገሪቱ የጀመረችበት ሮታሪክስ ግን 1.5 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ቀስ ተብሎ ወደ ጉንጭ ይንቆረቆራል። ካርዱ ላይ «ሮታ 1» እና «ሮታ 2» ተሞልተው መሆናቸውን ማየት ጥርጣሬውን ይቆርጣል።

ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው። የሜክሲኮው ጥናት ያሳየውን፣ ሁለት ጊዜ የመያዝን ጥቅም፣ ያለ ሕመሙ ይሰጣል። ግን በአዲስ አበባና በሄልሲንኪ እኩል አይሠራም፤ ይህን ሸፍኖ ማለፍ አያስፈልግም። በአውሮፓና በአሜሪካ ከከባድ ሮታ ከ85 በመቶ በላይ ሲከላከል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው የአፍሪካ ሙከራ በደቡብ አፍሪካ 77 በመቶ፣ በማላዊ 49 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከእናት በማሕፀንና በጡት የሚተላለፍ ብዙ መከላከያ፣ ቀድሞ የተጎዳ አንጀት፣ የምግብ እጥረትና አብሮ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ክትባቱን እንደሚያዳክሙት ይገመታል። ከክትባቱ በፊት ጡት መከልከልም ተሞክሮ ጥቅም አላሳየም። ሆኖም ሕመሙ በበዛበት አገር የ50 በመቶ ክትባት ሕመሙ ባነሰበት አገር ካለ የ90 በመቶ ክትባት የበለጠ ሕፃናትን ከሞት ሊያድን ይችላል። ማላዊ ይህን አሳይታለች።

በእኛም አገር ለውጡ ታይቷል፤ የተጠበቀውን ያህል ግን አይደለም። ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በቅኝት ሆስፒታሎች በተቅማጥ ከታከሙ ሕፃናት መካከል ሮታ የተገኘባቸው ከክትባቱ በፊት ከአራት አንዱ ገደማ ነበሩ፤ በተከተሉት ዓመታት ከስድስት አንዱ ገደማ ሆኑ። ለዚህ ሦስት ምክንያት መገመት ይቻላል፦ የክትባቱ አቅም፣ ያልተዳረሱ ወረዳዎችና የቀጠሮ መዘግየት። ከሦስቱ ቶሎ ሊስተካከል የሚችለው ሦስተኛው ነው። በየካቲት የተወለደ ሕፃን የኅዳሩ ወረርሽኝ ሲደርስ ዘጠኝ ወር ይሞላዋል፤ ሁለቱን ክትባት ያለፈበት ዕድሜ ነው። በነሐሴ መጨረሻ የተወለደው ግን ቀጠሮው አንድ ወር ከዘገየ ወረርሽኙ ባዶውን ያገኘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው የመጀመሪያው የሮታ ክትባት በሚቀጥለው ዓመት ከገበያ ወጥቷል፤ አንጀት ወደ ራሱ ውስጥ የመግባት ችግር አስከትሎ ነበርና። አሁን ላሉት ክትባቶች በአንዳንድ አገሮች ጥቂት ጭማሪ ታይቷል፤ ከአንድ መቶ ሺህ ሕፃናት ውስጥ በጣት የሚቆጠር። ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት የአፍሪካ አገሮች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ግን ጭማሪ አላገኘም። ቢሆንም ክትባት በወሰደ ሰሞን እየጮኸ የሚኮማተር፣ ደጋግሞ የሚያስመልስና ጄሊ መሰል ደም ያስቀመጠ ሕፃን ወዲያው ሆስፒታል ይወሰዳል።

«ተከትቦ ተቅማጥ ያዘው» የሚለው ቅሬታ ፍትሐዊ አይደለም። ክትባቱ ለሮታ ነው፤ ኖሮ፣ አድኖና ሺጌላ አሉ። ሮታ በክትባት በተገታባቸው አገሮች ኖሮ የሕፃናት የሆድ ሕመም ቀዳሚ መንስኤ ሆኗል።

እጅና ሽንት ጨርቅ

ውሃ ማከም ጥሩ ነው፤ ለክረምቱ ተቅማጥ ደግሞ ወሳኝ ነው። የበጋው ግን ዋና መንገዱ እጅ ነው። በአንድ ግራም የታመመ ሕፃን ዓይነ ምድር ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሮታዎች አሉ፤ ሌላ ልጅ ለመያዝ ከ10 እስከ 100 ይበቃሉ። «የሕፃን ካካ ንጹሕ ነው» የሚለው እምነት እዚህ ላይ ብዙ ያስከፍላል። በግቢ የተደፋ፣ ከሌላ ልብስ ጋር የተዘፈዘፈ ሽንት ጨርቅ ሰፈሩን ያዳርሳል። ቫይረሱ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ጀምሮ፣ ተቅማጡ ከቆመም በኋላ ለቀናት ይወጣል። ስለዚህ ልጁ ሲሻለው ወደ ሕፃናት ማቆያ ለመመለስ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን መጠበቅ ይበጃል።

ከኮቪድ ወዲህ በየቦርሳው የገባው ሳኒታይዘር እዚህ ያን ያህል አያስተማምንም። አልኮል የኮሮና ቫይረስን የሚያጠፋው የስብ ሽፋኑን አፍርሶ ነው፤ እነዚህ ቫይረሶች ያ ሽፋን የላቸውም፣ ኖሮና አድኖ በተለይ ይቋቋሙታል። ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ለ20 ሴኮንድ፣ ልጁን ካጸዱ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት፣ ቫይረሱን አጥቦ ያወርደዋል። ወለልና ፖፖ ለማጽዳት በመጀመሪያ ዓይነ ምድሩ ወይም ትውከቱ በጨርቅ ተነሥቶ በሳሙና ይታጠባል። ከዚያ 5 በመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና 20 ሚሊ ሊትር በአንድ ሊትር ውሃ ተበጥብጦ ይቀባል፣ አሥር ደቂቃ ይቆያል፣ ይታጠባል። ቆሻሻው ሳይነሣ በረኪና ማፍሰስ ከንቱ ነው፤ ክሎሪኑን ቆሻሻው ይበላዋል። በረኪና ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀልም።

ለገናና ለጥምቀት ሕፃን ይዘው ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከእስራኤል ወይም ከዐረብ አገር የሚመጡ ወላጆች በትክክል ወደ ሮታው ወቅት ይገባሉ። አሜሪካ የመጀመሪያው ክትባት በሁለት ወር ቢሰጥም ከ6 ሳምንት ጀምሮ ይፈቀዳል፣ በሁለቱ መካከልም አራት ሳምንት ይበቃል። ስለዚህ ጉዞው በታኅሣሥ ከሆነ በጥቅምት ሐኪሙን ጠይቆ ማቀዳደም ይቻላል። የመጀመሪያው ግን ልጁ 15 ሳምንት ሳይሞላው መሰጠት አለበት፤ በዚያ አገር መመሪያ ከዚያ በኋላ አይጀመርም። ሻንጣው ውስጥ አምስት ስድስት የኦአርኤስ ከረጢት፣ የዚንክ ፍሬና ባለ 5 ሚሊ ሊትር የመድኃኒት መስጫ ሲሪንጅ ቢገባ፣ ዘመድ ቤት ሌሊት ትውከቱ ሲጀምር መድኃኒት ቤት እስኪከፈት አይጠበቅም።